የዲስትሪክት 20 ሴናተራችንን ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ባለፈው ሰኞ ማታ ከሥራ ስገባ ጎረቤቴን እናት ፖስታ ሳጥኑ ጋ ቆመው አገኘኋቸው። በእጃቸው ወፍራም ባለ ቀለም ካርድ ይዘዋል። ሂሳብ ይሁን ማስታወቂያ አልገባቸውም። ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ስለሆንኩ አሳዩኝ። ከሜሪላንድ ግዛት ምክር ቤት ሴናተራችን የመጣ ካርድ ነበር።

እኚህ እናት ዜግነት ከወሰዱ 11 ዓመታቸው ነው። በየ4 ዓመቱ ለፕሬዚዳንት ድምፅ ይሰጣሉ። ካርዱን የላከው ሰው ማን እንደሆነ ግን አያውቁም። እኔም ከስሙ በቀር የምነግራቸው ነገር አልነበረኝም። አፈርኩ። ሦስት ሌሊት ሳነብ አምሽቼ ያገኘሁትን የኢንተርኔት መድረካችን ላይ ለጠፍኩት። መልሶቹ 26 ደረሱ። ሁሉንም ገብቶ ለማንበብ ጊዜ ያጠረው ብዙ ስለሆነ፣ እንደ አመጣጣቸው በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ።

መነሻ ጽሑፉ

የጻፍኩት ይህን ነበር። ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ዊል ስሚዝ ይባላል። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገ ልጅ ነው። ሕግ የተማረው ቨርጂኒያ፣ ዊልያም ኤንድ ሜሪ ነው። ጠበቃ ነው፤ የባሕር ኃይል ተጠባባቂ መኮንንም ነው። በ2014 ለግዛቱ ታችኛው ምክር ቤት ተመረጠ። በ2016 መጨረሻ ወደ ግዛቱ ሴኔት አለፈ። ከእሱ በፊት ወንበሩን የያዘው ጄሚ ራስኪን ነበር፤ አሁን ዋሽንግተን ኮንግረስ ውስጥ የምናየው ሰው። በ2019 ስሚዝ ምክር ቤቱ ሥራ ላይ እያለ ወደ አፍጋኒስታን ዘመተ። ከተመለሰ በኋላ፣ በ2020፣ የሴኔቱን የፍትሕ ጉዳዮች ኮሚቴ በሰብሳቢነት መምራት ጀመረ።

ይሄ ኮሚቴ ምን ያያል? ወንጀል፣ ፖሊስ፣ የጦር መሣሪያ፣ ፍቺ፣ ልጅ የማሳደግ መብት፣ የአከራይና የተከራይ ክርክር። አንድ አበሻ ቤተሰብ ከመንግሥት ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝባቸው ጉዳዮች ግማሾቹ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያልፋሉ። ሰብሳቢው ለድምፅ ያላቀረበው ረቂቅ ደግሞ እዚያው ተኝቶ ሊቀር ይችላል።

ዲስትሪክቱ ከዋሽንግተን ድንበር ይጀምራል። ታኮማ ፓርክን፣ የሲልቨር ስፕሪንግን መሀል፣ ሎንግ ብራንችን ይዞ ወደ ኋይት ኦክ ይወጣል። ፌንተን መንገድ ላይ ቡና የጠጣ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ እንጀራ የገዛ ሁሉ ረግጦታል። ሜሪላንድ እንዲህ ዓይነት 47 ዲስትሪክት አላት። እያንዳንዱ አንድ ሴናተርና 3 ተወካዮች ይልካል። የግዛቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ላይ የሚሰበሰቡት በዓመት 90 ቀን ብቻ ነው፤ ከጥር ሁለተኛው ረቡዕ እስከ ሚያዝያ።

ክርክሬም ይሄ ነበር፦ አራት ኪሎ ምን እንደተባለ በሰዓቱ እናውቃለን። ዋይት ሐውስ ያስነጠሰውንም እናውቃለን። ከቤታችን በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ርቀት ላይ ስለ እኛ የሚወሰነውን ግን የምንሰማው ካለቀ በኋላ ነው። ለምን?

መልሶቹ

ቁጥር 1 ምስጋና ነው። ካርዱ ለእሱም ደርሶት ተዋናዩ መስሎት ግራ ተጋብቶ እንደነበር ነግሮናል።

ቁጥር 2 ያረመኝ ሰው ነው፤ ልክም ነው። አድራሻችሁ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ተጻፈ ማለት ዲስትሪክት 20 ናችሁ ማለት አይደለም አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ራሱ አይደለም። ከንቲባ የለውም፣ የከተማ ምክር ቤት የለውም። የፖስታ ቤቱ ስም ግን ሰፊ ነው። ወደ ዊተን ወይም ወደ በርተንስቪል ጠጋ ያለ ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ እየጻፈ በ18፣ በ19 ወይም በ14 ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሴናተሩም ሌላ ነው። የቤት ቁጥራችሁን የሜሪላንድ ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገቡና እዩ ብሎ ጨረሰ።

ቁጥር 3 በአንድ ሆስፒታል የምትሠራ እህት ናት። ኪራይ ወገቧን እንደቆረጠው ጻፈች። ሴናተሩ ኪራይ የማያስቀንስ ከሆነ ምን ያደርግልኛል አለች። ቁጥር 4 በጨዋነት መለሰላት። የኪራይ ጭማሪ ጣሪያው የካውንቲው ሕግ ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት በ2023 አጽድቆት ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ይሠራል። አከራይ በዓመት መጨመር የሚችለው የኑሮ ውድነቱን መጠን ሲደመር 3 በመቶ ነው፤ ቢበዛ 6 በመቶ። 23 ዓመት ያልሞላው ሕንፃ ግን ነፃ ነው። ታኮማ ፓርክ ደግሞ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የራሷ የኪራይ ሕግ አላት። ስለዚህ መጀመሪያ ሕንፃሽ መቼ እንደተሠራ ጠይቂ፣ ከዚያ ለካውንቲው ደውይ አላት። ከቤት የማስወጣት ሕጉና የፍርድ ቤቱ ሥርዓት ግን የግዛቱ ነው፤ እዚያ ላይ ሴናተርሽ ያገባዋል ብሎ ጨመረ። እህታችን አመስግና ወጣች። እንዲህ ዓይነት መልስ ለማየት ነው መድረክ የምንገባው።

ቁጥር 5 ጋ ድምፁ ከረር አለ። ይሄን ሰው ማን መረጠው ብሎ ጠየቀ። ራስኪን ወደ ኮንግረስ ሲሄድ ወንበሩን የሞላው ሕዝብ ሳይሆን የፓርቲው ኮሚቴ ነው አለ። እውነቱን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የምክር ቤት ወንበር መሀል ላይ ሲለቀቅ የፓርቲው የካውንቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ሰው ይመርጣል፣ ገዥው ይሾማል። ቁጥር 6 ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገርከን ብሎ ያዘው፤ በ2018 እና በ2022 ሰውየው ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ነበር፣ አንተ የት ነበርክ አለው። ቁጥር 5 መልስ አልሰጠም።

ቁጥር 7 ኡበር የሚነዳ ወንድማችን ነው። በሌሊት መኪናውን ተሰርቆ ነበር። ሁለት ሳምንት ሥራ አጣ። የሰረቁት ልጆች መሆናቸውን ፖሊስ እንደነገረው ጻፈ። ከዚያ ወደ ስሚዝ ዞረ። ልጆችን አይጠየቁም ብሎ ሕግ ያወጣ ኮሚቴ መሪ ካርድ ሲልክልኝ እቀደዋለሁ አለ። ንዴቱ ይገባኛል። መኪናው እንጀራው ነው።

ቁጥር 8 የሁለት ወንዶች ልጆች እናት ናት። እሷም አልተመለሰችም። የ11 ዓመት ልጅ በካቴና ታስሮ ማየት ትፈልጋለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ጥቁር ልጅ እዚህ አገር ላይ አንዴ መዝገብ ከተከፈተበት ምን እንደሚሆን አንተም ታውቃለህ አለችው። ቁጥር 9 ራሱ ሹፌሩ ነው፤ የራስሽ መኪና ቢሆን እንዲህ አትይም ብሎ መለሰ። ትንሽ ተሰዳደቡ። እዚያ ላይ አልገባም።

ቁጥር 10 ፍርድ ቤት በአስተርጓሚነት የሚሠሩ ጋሼ ናቸው። ሁለቱንም በእርጋታ አስታረቁ። በ2022 የወጣው ሕግ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ከከባድ ወንጀል በቀር፣ እንዳይከሰስ አደረገ። ቅሬታው ሲበዛ ምክር ቤቱ በ2024 ተመልሶ አሻሻለው። ስሚዝም ማሻሻያውን ከመሩት አንዱ ነው። አሁን ከ10 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በመሣሪያና በተወሰኑ ሌሎች ወንጀሎች ወደ ወጣቶች ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። መኪና የሰረቀ እንደሆነ ግን ክሱ ሳይሆን ልጁ ክትትልና እርዳታ ያስፈልገዋል የሚል አቤቱታ ነው የሚቀርበው። ጋሼ እንዳሉት ሹፌሩ ሕጉ ሰንፏል ያለው ለ2022ቱ ነው፤ እናቲቱ የፈራችው ደግሞ ከ2022 በፊት ለነበረው ነው። ሁለታችሁም አሁን ስላለው ሕግ አልተናገራችሁም አሏቸው። ሹፌሩ ጋሼን አመስግኖ ወጣ። ካርዱን ይቅደድ አይቅደድ አላውቅም።

ከ11 እስከ 13 ያሉት ከጉዳዩ ወጡ። አንዱ የመኪና ማቆሚያ ዋጋ አነሣ። ሌላው ጤፍ ስለመወደዱ ጻፈ። ሦስተኛው ካውንቲያችን ከ2012 ጀምሮ የጎንደር እህት ከተማ እንደሆነ አስታውሶ የጎንደር ሰዎች ሰላምታ ተለዋወጡ። ደስ ይላል፣ አላቋረጥኳቸውም።

ቁጥር 14 መልሶ ወደ መስመር አስገባን። ቦኒፋንት መንገድ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው ነው። ስለ ፐርፕል ላይን ጠየቀ። ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን የሚዘረጋው የባቡር መስመር ሥራው በ2017 ተጀመረ። በ2022 ሊያልቅ የታሰበ ነበር። በ2020 ገንቢው ጥሎ ወጣ፤ አሁን የሚባለው በ2027 መጨረሻና በ2028 መጀመሪያ መካከል ባለው ክረምት ነው። ሱቅ ያላቸው ሰዎች ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት እንደከረሙ ሁላችንም አይተናል። ሴናተሩ ምን አደረገ ነው ጥያቄው። ቁጥር 15 ሲመልስ ባቡሩ የግዛቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሥራ እንደሆነ፣ በጀቱንም የሚያቀርበው ገዥው እንደሆነ አስረዳ። ለረጅም ዘመን ምክር ቤቱ በጀቱን መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም ነበር። በ2020 ሕዝቡ ሕገ መንግሥቱን በድምፁ አሻሽሎ ነው ምክር ቤቱ ከገዥው ጠቅላላ ገንዘብ ሳያልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር እንዲችል የፈቀደው። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። ባለሱቁ ግን መልሱ አላረካውም፤ ሥልጣን የለኝም የሚል ሰው ለምን ይመረጣል አለ። ለዚህኛው እኔም መልስ አልነበረኝም።

ቁጥር 16 ዲያቆን ነው፤ ውይይቱ ከዚህ በኋላ ሌላ ውይይት ሆነ። ስሚዝ በ2019 ሴኔቱ ውስጥ ያቀረበውን ረቂቅ አነሣ። ሐኪሞች ከ6 ወር በላይ አይኖርም ያሉት በሽተኛ ሕይወቱን የሚያበቃበትን መድኃኒት ጠይቆ ራሱ እንዲወስድ የሚፈቅድ ነው። ታችኛው ምክር ቤት 74 ለ66 አሳለፈው። ሴኔቱ ላይ 23 ለ23 ሆነ፣ አንድ ሴናተር ድምፅ አልሰጡም፣ ረቂቁ ወደቀ። በኋላም ደጋግሞ ተመልሷል። ዲያቆኑ በጨዋ ቃል ግን በጽኑ ተናገረ። ነፍስ የሰጠው ይወስዳል፤ ይሄን ያቀረበ ሰው በሌላው ሁሉ ቢረዳን እንኳ በዚህ ልንቃወመው ይገባል አለ። ከ40 በላይ ሰው ወደደለት።

ቁጥር 17 የሆስፒስ ነርስ ናት፤ ለሞት የተቃረቡ በሽተኞችን የምታስታምም። ስታነብብ እንዳለቀሰች ተናግራ ጀመረች። ሃይማኖቷ ከዲያቆኑ ጋር አንድ ነው። ነገር ግን 9 ዓመት በሰው ሞት አጠገብ ቆማለች። እኛ አበሾች ለበሽተኛው በሽታውን እንደማንነግረው ጻፈች። ቤተሰቡ ኮሪደር ላይ ይማከራል፤ በሽተኛው ሁሉንም ከሰው ፊት ላይ ያነባል። ሞርፊን ይገድላል ብለን እንፈራለን። ቄስ ቶሎ አንጠራም፣ ተስፋ የቆረጥን ስለሚመስለን። ሕጉን እደግፋለሁ አላልኩም አለች። ነገር ግን ስለ ሞት በአማርኛ ሳናወራ ስለ ሕጉ ብቻ መቃወም አይበቃም አለች። እኔ በዚህ መድረክ ካነበብኩት ሁሉ የመረረውም የከበደውም ይሄ ነው።

ቁጥር 18 ዲያቆኑ ተመልሶ ነው። ልክ ነሽ እህቴ፣ ቄስ የሚጠራው ሲያጣጥር መሆኑ እኛንም ያሳዝነናል አለ። አቋሙን አልለወጠም። ግን የእሷን ስልክ በውስጥ መስመር ጠየቀ፤ ለሰበካው እንድታስተምር። በመድረካችን እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አላየሁም።

ቁጥር 19 አጭር ነው። ስሚዝ ያቀረበው ሌላ ሕግ አለ፣ የ2023ቱ የሕፃናት ተጠቂዎች ሕግ፣ ስለእሱ ለምን ዝም አላችሁ አለ ጸሐፊው። በልጅነቱ የተደፈረ ሰው በየትኛውም ዕድሜው በፍትሐ ብሔር መክሰስ እንዲችል የፈቀደ ነው። ከዚያ በፊት 38 ዓመት ገደብ ነበር። ሕጉ ያለፈው የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ስለ ባልቲሞር ካቶሊክ ሀገረ ስብከት የጻፉት ሪፖርት በወጣበት ዕለት ነው፤ ሪፖርቱ 156 ጥቃት አድራሾችንና ከ600 የሚበልጡ ሕፃናትን ይቆጥራል። በ2025 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕጉን 4 ለ3 አጸናው። በዚያው ዓመት ግን ክሱ ሲበዛ ምክር ቤቱ የካሳውን ጣሪያ ዝቅ አደረገው። ጸሐፊው ሌላ አልጨመረም። ለምን እንዳነሣው ማንም አልጠየቀውም። መጠየቅም አልነበረብንም። እኔ ግን ያነበብነው መሆኑን እንዲያውቅ ስሙ ሥር ሰላምታ ጻፍኩ።

ቁጥር 20 ሁላችንንም ተቆጣ። አገር እየደማ ስለ ሜሪላንድ ኮሚቴ ታወራላችሁ አለ። ስድቡን አልደግመውም። ቁጥር 21 ደግሞ በዚያው ልክ መለሰ፤ 25 ዓመት እዚህ ኖረህ፣ ልጆችህ እዚህ ተወልደው፣ ሬሳህ እንኳ እዚህ ሊቀበር ይችላል፤ እስከ መቼ ነው በእንግድነት የምንኖረው አለው። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ሁለቱም አገራቸውን ይወዳሉ። ቁጥር 20 ላይ የማልስማማው አንዱን መውደድ ሌላውን ይቀንሳል ማለቱ ላይ ነው። ለአገር ቤት ጉዳይ ኮንግረስ በር ላይ የቆምንበት ጉልበት ለአናፖሊስም ይበቃል።

ቁጥር 22 ግሪን ካርድ ያላት ልጅ ናት፤ እኔ ዜጋ ስላልሆንኩ ይሄ ሁሉ አይመለከተኝም አለች። ቁጥር 23 የታኮማ ፓርክ ነዋሪ ነው፣ ወዲያው ያዛት። ታኮማ ፓርክ ከ1992 ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ እንዲመርጥ ትፈቅዳለች። ከ2013 ጀምሮ 16 ዓመት የሞላው ልጅም ይመርጣል። ራስኪን ፖለቲካ ውስጥ ሳይገባ፣ ገና የሕግ መምህር ሳለ፣ ለዚህ ከተከራከሩት አንዱ ነበር። ይሄ ለከተማዋ ምርጫ ብቻ ነው፤ ለሴናተር ለመምረጥ ዜግነት ያስፈልጋል። ስለ አንድ ረቂቅ ኮሚቴ ፊት ምስክርነት ለመስጠት ግን ማንም ዜግነት አይጠይቅም።

ቁጥር 24 ሁላችንም ልብ ያላልነውን ነገረን። ዲስትሪክት 20 ዴሞክራቶች የበዙበት ነው። ስለዚህ ወንበሩ የሚወሰነው በኅዳሩ ምርጫ ሳይሆን በፓርቲው ቅድመ ምርጫ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ በቅድመ ምርጫ የሚመርጠው በፓርቲው የተመዘገበ ብቻ ነው። ብዙ አበሻ ሲመዘገብ ችግር አልፈልግም ብሎ የትኛውም ፓርቲ አይደለሁም የሚለውን ይሞላል። ያን ጊዜ ሳያውቀው ከዋናው ውሳኔ ራሱን ያስወጣል። ፓርቲ መቀየር የሚቻለው ቅድመ ምርጫው 3 ሳምንት እስኪቀረው ነው። እኔ መዝገቤን ከፍቼ አየሁ። ባዶ ነበር።

ቁጥር 25 እንዴት እንደሚመሰከር አስረዳች። የግዛቱ ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ መለያ ትከፍታላችሁ። የረቂቁን ቁጥር ይዛችሁ፣ ቀኑ ሲደርስ በተፈቀደው ሰዓት ትመዘገባላችሁ። ጽሑፍ ብቻ መላክ ይቻላል። በአካል ከሄዳችሁ የሚሰጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው። እሷ አንዴ ሄዳ ነበር። ወደ አናፖሊስ በ50 መንገድ ስትነዳ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ገብታ ስትቀመጥ ሌላው ሁሉ ወረቀት እያየ ያነብባል፤ እሷም አነበበች። አንድ ሴናተር ቀና ብሎ ጥያቄ ጠየቃት። ያ አንድ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከአእምሮዋ አልጠፋም።

ቁጥር 26 የራሴ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ማሽኑ እስኪጨርስ ከጎረቤቴ እናት ጋር ስልክ ላይ አድራሻቸውን አስገባን። ዲስትሪክት 20 አለ። ነርሷ የጻፈችውን አነበብኩላቸው። ልብስ ማጠፋቸውን አቆሙ። ባለቤታቸው ከ6 ዓመት በፊት አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሲሞቱ፣ ሐኪሙ የመጨረሻውን ነገር የነገራቸው በልጃቸው በኩል እንደነበር አጫወቱኝ። ልጅቷ ያን ጊዜ 12 ዓመቷ ነው። አባቷ እንደሚሞት በእንግሊዝኛ ሰምታ በአማርኛ የነገረቻቸው እሷ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚያ ተነጋግረው አያውቁም።

ስለ ረቂቁ ምን ያስባሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። ከዲያቆኑ ጋር ናቸው። ለሴናተሩ ሊነግሩት የሚፈልጉት ግን ሌላ ነው። ሕጉ ቢያልፍም ቢወድቅም፣ በዚያ አልጋ አጠገብ ልጅ ሳይሆን የሚያስተረጉም ትልቅ ሰው ይቁም ነው የሚሉት። በአማርኛ ብናገር ትጽፍልኛለህ ወይ አሉኝ። ዛሬ ማታ ከሥራ ስመለስ ልንጀምር ነው። ቁጥር 10 ላይ የጻፉት ጋሼ፣ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ቢያዩልን በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ።